ክፍተቱ የት ነው? ጥርስ የጎደለበትን አፍ የመመደብ መቶ ዓመት

በአማርኛ «ወላቃ» ሲባል ለሁሉም ሰው የሚታየው አንድ ዓይነት ፊት ነው፤ ሲስቅ ከፊት ጥርሶቹ መካከል ቀዳዳ ብቅ የሚልበት ልጅ ወይም ጎልማሳ። ከኋላ ከጉንጩ ሥር መንጋጋ የጎደለውን ሰው ግን ወላቃ የሚለው የለም። አይታይማ! የሚወልቅ ሰው ሰራሽ ጥርስ ለሚሠራ ባለሙያ ነገሩ ይገለበጣል። አፍ ሲከፈትለት አስቀድሞ የሚፈልገው ያንን ከኋላ የተሸሸገውን ባዶ ቦታ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ሁለቱም ከታችኛው መንገጭላቸው በግራ በኩል ሦስት ሦስት ጥርስ አጥተዋል። የአንደኛው ክፍተት ከክራንቻው ኋላ ይጀምርና አንድ ጤነኛ መንጋጋ ጋ ሲደርስ ያበቃል፤ ከፊትም ከኋላም ጥርስ ቆሞለታል። የሁለተኛው ክፍተት አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ይጀምርና ማብቂያ የለውም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ድድ ብቻ ነው። ሁለቱም ሰው ሰራሽ ጥርስ ተሠራላቸው እንበል። የመጀመሪያው ሰው በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል፣ ይበላበታል፣ አፉ ውስጥ መኖሩንም ይረሳዋል። ሁለተኛው ግን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፦ «ስበላ ይሰምጥብኛል፣ ምግብ ይገባበታል፣ ድዴን ያቆስለኛል» ይላል። ጊዜው ሲረዝም ደግሞ ሰው ሰራሹ የታሰረበት የራሱ ጥርስ መነቃነቅ ይጀምራል። የጎደለው ጥርስ ቁጥር እኩል ነው። ልዩነቱ ክፍተቱ ያለበት ቦታ ነው።

የጥርስ ሕክምና መቶ ዓመት ያህል ሲሠራበት የኖረው ምደባ የተነሣው ይህን ልዩነት በአንድ ቃል ለመጥራት ነው።

የችግሩን ስፋት ለማየት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። የአዋቂ ሰው አንድ መንገጭላ ሲሞላ 16 ጥርስ ይይዛል። እያንዳንዱ ጥርስ ወይ አለ፣ ወይ የለም። ሁሉም ያሉበትንና ሁሉም የሌሉበትን ሁለት ሁኔታ ቀንሶ የቀረውን ለሚቆጥር በአንድ መንገጭላ ብቻ 65,534 የተለያዩ የጉድለት ዓይነቶች ይወጣሉ። ላይና ታች አንድ ላይ ሲታሰቡ ቁጥሩ ከ4 ቢሊዮን ያልፋል። ይህን ሁሉ በስም ለይቶ ማስተማርም ሆነ ለላብራቶሪ በደብዳቤ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ማሳጠር ግዴታ ሆነ፤ የሚያሳጥር ሰው ደግሞ የሚጥለውንና የሚያስቀረውን መምረጥ አለበት። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የቀረቡት ብዙ ምደባዎች የሚለያዩት በዚሁ ምርጫ ነው።

ካናዳዊው ከመር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ባቀረበው ምደባ የመረጠው ሰው ሰራሹ ጥርስ የሚታሰርባቸው ማቀፊያዎች የሚያርፉበትን ቦታ ነበር። ማቀፊያዎቹን የሚያገናኘው መስመር አፉን ሰያፍ ይቆርጠዋል? ቀጥ ብሎ ከግራ ቀኝ ይሻገራል? በአንድ ወገን ብቻ ይቀራል? ወይስ ከሁለት በላይ ማቀፊያ ስላለ መስመሩ ባለ ብዙ ማዕዘን ቅርጽ ይሠራል? ብልህ ሐሳብ ነው፤ ዛሬም የንድፍ ትምህርት ውስጥ ይኖራል። ነገር ግን ከመር የመደበው በሽተኛው ይዞት የመጣውን አፍ ሳይሆን ሐኪሙ ሊሠራ ያሰበውን ዕቃ ነው። ማቀፊያው የት እንደሚቀመጥ ገና ያልወሰነ ሰው ምደባውን ሊጠቀምበት አይችልም።

በ1925 የኒው ዮርኩ የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ ኬኔዲ ጥያቄውን አቀለለው። ኬኔዲ የጠየቀው ክፍተቱ ከቀሩት ጥርሶች አንጻር የት እንዳለ ብቻ ነው። አራት ምድብ በቃው።

ምድብ 1 በግራም በቀኝም ከቀሩት ጥርሶች ኋላ ባዶ የሆነ አፍ ነው። ምድብ 2 ያው ሁኔታ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ነው። ምድብ 3 በአንድ ወገን ያለና ከፊትም ከኋላም ጥርስ የቆመለት ክፍተት ነው። ምድብ 4 ከቀሩት ጥርሶች ሁሉ ፊት ያለ፣ የአፉን መካከል ተሻግሮ ግራና ቀኝን የሚነካ አንድ ክፍተት ነው። የመጨረሻው ላይ «ተሻግሮ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። ሁለት የፊት ጥርስ ከቀኝ ብቻ የጎደለው ሰው፣ ሰፈሩ ወላቃ ቢለውም፣ በኬኔዲ ምደባ የሚገባው ምድብ 3 ውስጥ ነው።

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም ይህን በአማርኛ አይጠራውም፤ «ክላስ ዋን»፣ «ክላስ ቱ» ነው የሚለው። ጠርቶ እስኪጨርስ ድረስ የሚሰማው ሰው አፉን በዓይነ ሕሊናው ስሎ ይጨርሳል። ከኬኔዲ በኋላ ከመጡት ከብዙዎቹ ምደባዎች በተለይ እሱ ሥር የሰደደው በዚህ ነው፤ ከአፉ ልክ የተቀዳውን የጄሶ ቅርጽ ባዩበት ቅጽበት የምድቡን ቁጥር መናገር ይቻላል።

ቁጥሩ ቶሎ መነገሩ ብቻውን ግን ብዙም ዋጋ ባልነበረው። ዋጋው ያለው ከቁጥሩ ሥር የተደበቀው የሸክም ጉዳይ ላይ ነው።

ሰው ሲያኝክ የሚያሳርፈው ኃይል አንድ ቦታ መውደቅ አለበት። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው ሩብ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ባለው የጅማት ማሰሪያ ነው፤ ሲጫኑት በዓይን የማይታይ ያህል ብቻ ይሰምጣል። ጥርስ የወለቀበትን አጥንት የሸፈነው ድድ ግን ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው ለስላሳ ነገር ነው፤ ሲጫኑት ከጥርሱ እጅግ የበለጠ ይሰምጣል። ከፊትና ከኋላ ጥርስ ያለው ክፍተት ላይ የተቀመጠ ሰው ሰራሽ ጥርስ በሁለት ድንጋይ ላይ እንደተጋደመ ሳንቃ ነው፤ ሰው ቢቆምበትም አይናጋም። የኋላ ጥርስ የሌለው ክፍተት ላይ የተቀመጠው ግን አንድ ጫፉ ድንጋይ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ጭቃ ላይ ያረፈ ሳንቃ ነው። በተረገጠ ቁጥር የጭቃው ጫፍ ይሰምጣል፤ ድንጋዩ ላይ ያለው ጫፍ ደግሞ ይጠመዘዛል።

ያ ድንጋይ የሰውየው የራሱ ጥርስ መሆኑ ነው ጣጣው። ችካል የሚነቀለው ቀጥታ ወደ ላይ በመሳብ አይደለም፤ ወዲያና ወዲህ እየተነቃነቀ ነው። ሰው ሰራሹን የያዘው የብረት ማቀፊያም ኮርቻው በሰመጠ ቁጥር ደጋፊውን ጥርስ እንዲያ ያነቃንቀዋል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ማዕድ ሲቀርብ፣ ዓመት ሙሉ። ኮርቻ የሚለው ቃል እዚህ ቦታው ነው፤ ድዱ ላይ እንደ ኮርቻ ተፈናጥጦ አርቴፊሻል ጥርሶቹን የሚሸከመው ክፍል ነውና። ምድብ 1 እና 2 የዚህ የጭቃው ሳንቃ ቤተሰብ ናቸው። ምድብ 3 የሁለቱ ድንጋዮች ነው። ምድብ 4 ረጅም ሲሆን ከፊት በኩል የሚሰምጥ ሌላ የጭቃ ሳንቃ ይሆናል፤ ሰው በፊት ጥርሱ ዳቦ ሲቆርስ የኋላው ጫፍ ወደ ላይ ይነሣል።

ስለዚህ ቁጥሩን የሰማ ባለሙያ የሚያስበው ክፍተቱን ስለመሙላት ብቻ አይደለም። ምድብ 3 ከሆነ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ጥርሶች ማኘኪያ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ፈልፍሎ የብረት ጣት (ማረፊያ) ያሳርፋል፤ ሸክሙ ሁሉ ወደ ጥርሶቹ ይሄዳል። ምድብ 1 ከሆነ ሌላ ስሌት ይገባል። የብረት ጣቱ ከጥርሱ የኋላ ጠርዝ ይልቅ በፊተኛው ጠርዝ ላይ ቢቀመጥ ኮርቻው ሲሰምጥ ማቀፊያው ጥርሱን ከመጎተት ይልቅ ይለቀዋል። ክራቶችቪል በ1963፣ ክሮል በ1973 ያዳበሩት፣ ከድዱ በኩል ወደ ላይ በምትወጣ ቀጭን የብረት ዘንግ የሚይዝ ማቀፊያ የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው። ልክ መውሰድም ይለያል። በምድብ 1 የብረቱ አጽም ከተሠራ በኋላ አፉ ውስጥ ገብቶ የኋላው ድድ ብቻውን፣ በሸክም ጊዜ የሚይዘውን ቅርጽ ይዞ፣ እንደገና ልክ ይወሰድለታል፤ የጄሶው ቅርጽ የኋላ ክፍል ተቆርጦ በአዲሱ ልክ ይሞላል። አድካሚ ነው፣ ጊዜም ይፈጃል፤ በዚህ የተነሣ በብዙ ቦታ ይዘለላል። የተዘለለበትን ዕቃ የሚሸከመው በሽተኛው ነው።

የኬኔዲ አራት ምድቦች ሥራ ላይ ሲውሉ ወዲያው ጥያቄ ተነሣ። አንድ አፍ ሁለት ወይም ሦስት ክፍተት ሲኖረው ምን ይባላል? በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኦሊቨር አፕልጌት በ1954 ስምንት ደንቦች አስቀመጠ። ደንቦቹን ከመዘርዘር አንድ የጄሶ ቅርጽ አንሥቶ ማየት ይሻላል።

ቅርጹ የታችኛው መንገጭላ ነው። በዓለም አቀፉ የሁለት አሃዝ አቆጣጠር የታች ግራ ጥርሶች በ3፣ የታች ቀኝ በ4 ይጀምራሉ፤ ሁለተኛው አሃዝ ከመካከል ወደ ኋላ ይቆጥራል። እዚህ ቅርጽ ላይ በግራ 35፣ 36 እና 37 የሉም። በቀኝ 46 የለም፤ ከኋላው ግን 47 ቆሟል። ወደ ባዶው ቦታ ዘንበል ብሏል፤ ጎረቤቱን ያጣ መንጋጋ ልማዱ ይህ ነው። ሦስተኛዎቹ መንጋጋዎች፣ 38 እና 48፣ በሁለቱም ወገን የሉም።

መጀመሪያ 38 እና 48 ከቁጥር ይወጣሉ፤ ሊተካቸው የሚያስብ የለምና። ቀጥሎ ከሁሉ የኋላው ክፍተት ይፈለጋል፤ ምድቡን የሚወስነው እሱ ነው። የግራው ክፍተት ከኋላው ጥርስ የለውም፤ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ምድብ 2። የቀኙ ክፍተት ደግሞ ተጨማሪ ሆኖ ይቆጠራል፤ በክሊኒክ ቋንቋ «ክላስ ቱ ሞድ ዋን»። ተጨማሪው ክፍተት አንድ ጥርስ ይሁን ሦስት ለቁጥሩ ለውጥ የለውም፤ የሚቆጠረው የክፍተቱ ብዛት እንጂ ስፋቱ አይደለም።

አሁን ራጁ ይመጣል። የዘነበለው 47 ሥሩን የያዘው አጥንት በአብዛኛው አልቋል፤ በጣት ሲነካ ይንቀሳቀሳል። ይነቀል ተብሎ ቢወሰን የአፕልጌት የመጀመሪያው ደንብ ይሠራል፦ ምደባ የሚደረገው ነቀላው ካለቀ በኋላ ነው። 47 ሲወጣ የቀኙም ወገን ከኋላው ባዶ ይሆናል። አፉ በአንድ ነቀላ ከምድብ 2 ወደ ምድብ 1 ተሻገረ፤ ያ ተጨማሪ ክፍተትም ጠፋ። ወረቀት ላይ የቁጥር ለውጥ ብቻ ይመስላል። አፍ ውስጥ ግን ኮርቻዎቹ ሁለት ሆነው ሁለቱም ጭቃ ላይ ናቸው። የብረቱ አጽም ከ34 ወደ 45 በሚሻገር መስመር ላይ እንደ ሚዛን ምሰሶ ይወዛወዛል፤ የሚያጣብቅ ምግብ ኮርቻውን ወደ ላይ ሲስበው እንዳይነሣ ከመስመሩ ፊት ሌላ ማረፊያ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ምደባ አስተዋይ ሐኪምን እጁን እንዲይዝ የሚያደርገው እዚህ ጋ ነው። 47 ደካማ ነው፤ ግን የቀኙን ወገን ከጭቃ የለየው እሱ ብቻ ነው። ድዱን አክሞ ማቆየት ይቻል ይሆን? ያም ካልሆነ የሥሩ ቦይ ታክሞ፣ አናቱ እስከ ድዱ ድረስ ተቆርጦ፣ ሥሩ ብቻ ከኮርቻው ሥር እንደ ድንጋይ ሊቀር ይችላል። አጥሮ የተቆረጠ ጥርስ የሚነቀንቀው ክንድ ስለሌለው ከሙሉው ይልቅ የሚቆይበት ጊዜ ብዙ ነው። «ጥርሱ ታሟል፣ ይውጣ» ከማለት በፊት ቁጥሩ ከስንት ወደ ስንት እንደሚለወጥ መጠየቅ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ግን ለቸኮለ ሐኪም ያመልጣል።

አፕልጌት ቆይቶ ምድብ 5 እና ምድብ 6 ጨመረ። ምድብ 5 ከፊትም ከኋላም ጥርስ ያለው፣ ግን የፊቱ ጥርስ ሸክም መያዝ የማይችል ደካማ የሆነበት ነው። ምድብ 6 ክፍተቱ አጭር፣ ጎረቤቶቹ ብርቱ ስለሆኑ ጥርሶቹ ሸክሙን ብቻቸውን ሊሸከሙት የሚችሉት ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ኬኔዲ የጥርሱን ቦታ እንጂ ብርታቱን አላየምና። ግን ሁለቱ ጭማሪዎች በአራቱ ልክ አልተለመዱም። ዛሬም ብዙ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው አራቱን ምድብና ስምንቱን ደንብ ነው።

ከኬኔዲ ጎን ብዙ ሌሎች ተነሥተው ነበር። ቤይሊን በ1928 ኮርቻው በጥርስ ታስሯል ወይስ ነጻ ጫፍ አለው ብሎ ከፈለ፤ ከሦስት ጥርስ በላይ የሰፋውንም ክፍተት ለብቻው አወጣ። ክራዶክ በ1954 ሸክሙን የሚይዘው ጥርስ ነው፣ ድድ ነው፣ ወይስ ሁለቱም የሚለውን በቀጥታ ጠየቀ። የራሺያ ቋንቋ መማሪያዎች የጋቭሪሎቭን ምደባ ከኬኔዲ ጋር አጣምረው ያስተምራሉ። እያንዳንዱን መዘርዘር አንባቢን ያደክማል፤ አብዛኞቹ አንድ እውነት በተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። ሁለቱ ግን ኬኔዲ ጨርሶ ያላየውን ስላዩ ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

አንደኛው ጀርመናዊው አይሽነር በ1955 ያቀረበው ነው። አይሽነር ሁለቱን መንገጭላዎች አንድ ላይ ተመለከተ። ላይና ታች ሲገጠሙ የሚነካኩባቸውን አራት የድጋፍ ቀጠናዎች ቆጠረ፦ በግራና በቀኝ ትንንሾቹ መንጋጋዎች አንድ አንድ፣ በግራና በቀኝ ትልልቆቹ አንድ አንድ። አራቱም ከተነካኩ ሀ ይለዋል እንበል፤ የተወሰኑት ብቻ ወይም የፊት ጥርሶች ብቻ ከተነካኩ ለ፤ ምንም ካልተነካካ ሐ። የታችኛው አፍ በኬኔዲ ምድብ 3 ሆኖ ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ ከላይ የሚገጥመው ጥርስ ከሌለ ግን ሰውየው ማኘክ አይችልም። ኬኔዲ ይህን አይናገርም።

ሁለቱን መንገጭላዎች ነጣጥሎ ማየት ምን እንደሚያስከትል ኤልስዎርዝ ኬሊ በ1972 አሳየ። ከላይ ጥርስ ጨርሶ የሌለውና ሙሉ ሰው ሰራሽ የሚጠቀም፣ ከታች ደግሞ የፊት ጥርሶች ብቻ የቀሩት ሰው፣ በኬኔዲ ቋንቋ የታች ምድብ 1፣ የታች የፊት ጥርሶቹ የላይኛውን ሰው ሰራሽ ከፊት ይገፉታል። ከዓመታት በኋላ የላይኛው የፊት አጥንት ይሳሳል፤ ድዱ ልፍስፍስ ይላል፤ ከኋላ በኩል አጥንቱ ያብጣል፤ የታች የፊት ጥርሶች ወደ ላይ ይወጣሉ። ሁለቱን ቁጥር አንድ ላይ ያላነበበ ሐኪም ይህ ሲመጣ አያይም።

ሁለተኛው ተጨማሪ ዓይን የአሜሪካ የፕሮስቶዶንቲክስ (የሰው ሰራሽ ጥርስ ሕክምና) ኮሌጅ በ2002 ያወጣው መመዘኛ ነው። አራት ነገር ይጠይቃል፦ የክፍተቱን ቦታና ስፋት፣ የደጋፊ ጥርሶቹን ጤንነት፣ የላይና የታች አገጣጠምን፣ የቀረውን አጥንት ሁኔታ። ከዚያ አፉን ከቀላሉ 1 እስከ ከባዱ 4 ድረስ ያስቀምጠዋል። ዓላማው ቀላሉን ጉዳይ በየሰፈሩ ያለው ሐኪም እንዲሠራው፣ ከባዱ ወደ ልዩ ባለሙያ እንዲላክ ነው። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ እዚህ 4 ከሁሉ የከፋው ነው፤ በኬኔዲ ግን 4 የቦታ ስም ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የማን ቁጥር እንደሆነ ያልጻፈ ሰው ተቀባዩን ያሳስታል።

ኬኔዲ የማያየው ሌላም አለ፤ ይህ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ነው። በብዙ የአገሪቱ አካባቢ ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው በድዱ ላይ ክራንቻ ሊወጣበት ያበጠችው ቦታ «ግግ» ተብላ ትወነጀላለች፤ ያልወጣው የወተት ክራንቻ በባህላዊ መንገድ ተፈልፍሎ ይወጣል። ከሥሩ የተኛው የቋሚው ጥርስ ቡቃያ አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ወደ እስራኤል በገቡ የቤተ እስራኤል ሕፃናት ላይ የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች ክራንቻ መጉደሉን አይተው ጽፈዋል። ልጁ አድጎ ሁለቱንም የታች ክራንቻ፣ 33 እና 43ን፣ ቢያጣ በኬኔዲ ምድብ 3 ከአንድ ተጨማሪ ክፍተት ጋር ይባላል። 35 እና 45 የጎደለውም ሰው ቃል በቃል ያው ነው። አፉ ግን ያው አይደለም። ክራንቻ ከሁሉ ረጅም ሥር ያለው የማዕዘን ምሰሶ ነው፤ መንገጭላ ወደ ጎን ሲሄድ መንገድ የሚመራው እሱ ነው፤ የከንፈርንም ማዕዘን የሚሞላው እሱ ነው። ይህን አፍ የሚያክም ሐኪም ከቁጥሩ አጠገብ የጥርሱን ስም መጻፍ አለበት።

የፊት ጥርስም ነገር እንዲሁ ነው። ከላይ 12፣ 11፣ 21 እና 22 የጎደሉት ሰው ምድብ 4 ነው። በዚያው አፍ ላይ 15 ብትጎድል ከሁሉ የኋላው ክፍተት እሷ ስለሆነች ምድቡ 3 ይሆናል፤ ምድብ 4 ተጨማሪ ክፍተት አይፈቅድምና አራቱ የፊት ጥርሶች በምደባው ውስጥ «ተጨማሪ 1» ሆነው ይቀራሉ። ሰውየው ወደ ክሊኒኩ የመጣው ለእነሱ ነበር። ሰርግ ላይ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቀው በእነሱ ነው። የሸክም ስሌቱ ትክክል ነው፣ ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሚያወራ ሐኪም ከበሽተኛው ጋር አይገናኝም።

የትኛው ምድብ ይበዛል? በየአገሩ የሚደረጉ ቆጠራዎች ወጣቶች በሚበዙበት ክሊኒክ ምድብ 3 ቀዳሚ ሆኖ እንደሚገኝ፣ ዕድሜ ሲገፋ ምድብ 1 እና 2 እንደሚበዙ ያሳያሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው መንጋጋ በ6 ዓመት አካባቢ ይወጣል፤ ወላጅ የወተት ጥርስ መስሎት ችላ ሲለው ቀድሞ ይበሰብሳል፣ ቀድሞ ይነቀላል። ከኋላው ሁለተኛው መንጋጋ ስላለ ምድብ 3 ይወለዳል። ዓመታት አልፈው ሁለተኛውም ሲሄድ ያው ሰው ምድብ 2፣ በሌላው ወገን ሲደገም ምድብ 1 ይሆናል። የታች ክራንቻዎች በአብዛኛው የመጨረሻ ተሰናባቾች ናቸው።

ምድብ 1 የሆነ ሁሉ ግን ሰው ሰራሽ ጥርስ ያስፈልገዋል? በኔዘርላንድ ናይሜኸን ያስተማረው አርንድ ካይዘር በ1981 የፊት ጥርሶችና ላይና ታች የሚገጥሙ የትንንሾቹ መንጋጋዎች ጥንዶች በቂ ከሆኑ ብዙ ሰው ያለ ትልልቅ መንጋጋ ደህና እንደሚያኝክ አሳየ። አጠር ያለ ግን ሙሉ ረድፍ ያለው 20 ጥርስ ያህል የያዘ አፍ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢያንስ 20 የሚሠሩ የተፈጥሮ ጥርሶች ይዞ እንዲኖር ግብ አድርጎ ነበር፤ ጃፓን ከ1989 ጀምሮ በ80 ዓመት 20 ጥርስ የሚል ዘመቻ ታካሂዳለች። የካይዘር ሐሳብ ለድሃ አገር ትልቅ ነገር ነው። ድዱን የሚያቆስልና ደጋፊ ጥርሱን የሚነቀንቅ ርካሽ የአክሪሊክ ኮርቻ ከመጫን የቀሩትን ጥርሶች በንጽሕና ጠብቆ ባዶውን ባዶ መተው የተሻለበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህም ነው አፕልጌት ሁለተኛው መንጋጋ ሊተካ ካልታሰበ ከቁጥር ይውጣ ያለው፤ ምደባው ራሱ ሁሉንም ክፍተት ሙሉ አይልም።

ኢምፕላንት፣ አጥንት ውስጥ የሚተከለው ሰው ሰራሽ ሥር፣ መጥቶ ቁጥሮቹን እንደገና አንቀሳቀሰ። በምድብ 1 አፍ የኋላ ጫፎች ላይ ሁለት ኢምፕላንት ቢተከሉ ጭቃው ላይ ድንጋይ ተቀመጠ፤ አፉ እንደ ምድብ 3 ይሠራል። አል-ጆሃኒና አንድረስ በ2008 የኬኔዲን ቁጥር ከኢምፕላንቱ ጋር አብሮ የሚጽፍ ዘዴ ያቀረቡት የዚህን ዓይነት አፍ ስም ለመስጠት ነው። ብዙ ሰው የኢምፕላንትን ዋጋ አይችልም፤ ሁለት ብቻ ተክሎ በላያቸው የሚወልቅ ሰው ሰራሽ መሥራት ግን ሁሉንም ባዶ ቦታ በኢምፕላንት ከመሙላት እጅግ ይረክሳል።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ሐኪሞች የጄሶ ቅርጹን ያለ ንድፍ ለቴክኒሺያኑ እንደሚልኩ ደጋግመው አሳይተዋል። ቴክኒሺያኑ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን፣ ያንኑ ከላይ ያየነውን ቅርጽ ይፈታል፤ ወረቀቱ ላይ «የታች ፓርሻል፣ ቀለም ኤ3» ብቻ ተጽፏል። በሽተኛውን አላየውም፤ ራጁን አላየውም፤ 47 እንደሚነቃነቅ የነገረው የለም። ጄሶ ላይ ጥርስ ሁሉ ጠንካራ ነው። ስለዚህ የዘነበለው 47 ላይ ጥሩ ማቀፊያ ይሠራል፤ ከወራት በኋላ ጥርሱ ከነማቀፊያው ይወጣል።

ሌላው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ታች፣ ኬኔዲ 2፣ ተጨማሪ 1። 47 ደካማ፣ ድዱ እየታከመ፣ ሸክም ይያዝ እንጂ ማቀፊያ አይደረግበት። 34 ላይ ማረፊያው ከፊት ጠርዝ። የግራው ኮርቻ አጽሙ ከተሞከረ በኋላ ልኩ እንደገና ይወሰዳል። ላይ ሙሉ ጥርስ አለ።» ሦስት አራት መስመር ነው። ቴክኒሺያኑ ቅርጹን መለኪያው ማሽን ላይ ያስቀምጥና እርሳሱን ይዞ 34 ላይ ይጀምራል፤ የቀኙን ወገን እስኪደርስ ድረስ የት እንደሚያበቃ ያውቃል።